ምዕራፍ 7፦ በሩና ቤቱ

ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ወደ አዲሱ ክፍሉ ይገባል። አፉ ቃል አያወጣም፤ እጁና እግሩም እንዳሻው አይታዘዙለትም። ተማሪዎቹ ገና ሲያዩት ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ወዲያውም «የክፍሉ ፕሬዚዳንት ይሁን» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ልጁ ግን እስካሁን ምንም አላላቸውም። ቀልደኛ ይሁን ተንኮለኛ፣ ሒሳብ ይውደድ ይጥላ፣ ፕሬዚዳንት መሆን ይፈልግ አይፈልግ የጠየቀው የለም።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ማሳየት በጀመረው «ስፒችለስ» የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ «ንግግር አልባ» እንደ ማለት ነው። ሳቅ የበዛበት የቤተሰብ ድራማ ሲሆን፣ እስከ 2019 ድረስ በ3 ሲዝን 63 ክፍሎች ታይተዋል። ልጁ ጄጄ ይባላል። ያለበት ሁኔታ ሴሬብራል ፓልሲ ነው፤ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት የሕፃንነት ጊዜያት አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ምክንያት አካል እንቅስቃሴውን መቆጣጠር ሲያቅተው ማለት ነው። ሬይ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ሬይ ነው፤ ወይም በሬይ በኩል ጄጄ ነው። «ወይም» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው።

በምዕራፍ 3 ገጸ ባሕርይ ማለት የሚፈልግ ሰው ነው ብለን ነበር። ምንም የማይፈልግ ሰው በድራማ ውስጥ ከወንበርና ከመጋረጃ አይለይም። በምዕራፍ 5 ደግሞ ካሜራው የቆመበት ቦታ የእኛን ሐዘኔታ ወዴት እንደሚወስደው አይተናል። አሁን እነዚያን ሁለት ሐሳቦች ደርበን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ታሪኩን የምናየው በአንዱ ልጅ ዐይን ከሆነ፣ የሌላው ልጅ ፍላጎት የት ይገባል?

በር የሚከፍተው ልጅ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ አባወራውን ወይም እመቤቲቱን አይደለም። በሩን ሲያንኳኩ የሚሮጠው ልጅ ነው። ውሻው ይናከስ እንደሆነ፣ ጫማ ይወለቅ እንደሆነ፣ እማማ ጓዳ ይሁኑ ጎረቤት የሚነግርዎት እርሱ ነው። ቤቱን የሚያውቁት በእርሱ ፊት ነው። ልጁ ከፈራ ይፈራሉ፤ ከሳቀ ይዝናናሉ።

ድራማ ጸሐፊዎች ተመልካችን ወደማያውቀው ሕይወት ማስገባት ሲፈልጉ እንዲህ ያለ በር ከፋች ይመርጣሉ። ባለሙያዎቹ «አንጻር» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ታሪኩ በማን ዐይንና በማን ልብ በኩል ወደ እኛ እንደሚደርስ። አካል ጉዳተኛ ልጅ ስላለበት ቤት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ደጋግሞ የሚመርጠው በር ከፋች ጎረምሳውን ወንድም ወይም እህት ነው።

ለምን እናትን አይመርጥም? እናት ከሆነች መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን። ትለፋለች፣ ትጸልያለች፣ ትታገላለች። እናት በልጇ ስታፍር ብናይ እንቆጣለን፤ በሩም ፊታችን ላይ ይዘጋል። የ14 ዓመት ወንድም ግን ማፈር ይችላል። በዚያ ዕድሜ የሚያምረን ነገር ሁሉ ከሌላው ሰው አለመለየት ነው፤ ጫማችን፣ ጸጉራችን፣ አነጋገራችን ሳይቀር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከማንም የተለየ ወንድም ከኋላው ይመጣል። ልጁ ያፍራል፤ በማፈሩም ያፍራል። ተመልካቹ በሆዱ ይዞት አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ስሜት ልጁ ይናገርለታል።

ወንድማማችነት ደግሞ ከሌላው ዝምድና ሁሉ የሚረዝም ነው። ወላጅ አርጅቶ ያልፋል፤ ወንድምና እህት አብረው ይሸመግላሉ። እንዲህ ባለው ቤት ያደገ ልጅ፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ባይነግረውም፣ ነገ የማን ተራ እንደሚሆን ያውቀዋል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እነዚህን ልጆች «የመስታወት ልጆች» የሚሏቸው አሉ። ቶሎ ይሰበራሉ ለማለት አይደለም። ወላጆቻቸው እነርሱን አሻግረው ሌላውን ልጅ ስለሚያዩ ነው፤ የመስኮትን መስታወት አሻግረን ደጁን እንደምናይ።

ሬይ እንዲህ ያለ ልጅ ነው። ለጄጄ የሚስማማ ትምህርት ቤት ፍለጋ ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኖሯል። ሬይ ጓደኛ ባበጀ ቁጥር ዕቃ ይታሰራል። በመጀመሪያው ክፍል ደግሞ አዲሱን ትምህርት ቤት ይወደዋል፤ ዐይኑ ያረፈባት ልጅም አለች። የፈለገው መቅረት ብቻ ነው። እናትየው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለጄጄ ያዘጋጀው የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ቆሻሻ የሚወጣበት መሆኑን አይታ ጦርነት ከፍታለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥሩ ድራማ ከዚህ ይጀምራል።

የድራማው ፈጣሪ ስኮት ሲልቬሪ ሴሬብራል ፓልሲ ካለበት ወንድም ጋር ያደገ ሰው ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያለው የሬይ ቅሬታ ከሩቅ የተገመተ የማይመስለው ለዚህ ይመስለኛል።

ኮሪደሩን የከፈተው ሕግ

በምዕራፍ 4 የሚኒባስ ታክሲን የኋላ ወንበር አንሥተን ነበር። አራት ሰው ተጣቦ ከተቀመጠ፣ ማንም ሳይፈልግ የሌላውን ክርን ያውቃል። ድራማም እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ይፈልጋል። የጎረምሳና የአካል ጉዳተኛ ወንድሙ ድራማ ጠባብ ቦታው የትምህርት ቤት ኮሪደር ነው።

ይህ ኮሪደር ግን ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በብዙ ግዛቶች የመንግሥት ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛ ልጅን «አንቀበልም» ብሎ መመለስ ይችል ነበር። በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት ሕግ፣ ለእነዚህ ልጆች ሁሉ ነጻ ትምህርት እንዲሰጥና በተቻለ መጠን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እንዲማሩ አዘዘ። ሕጉ ለድራማ ተብሎ የወጣ አይደለም፤ ያለ እርሱ ግን ድራማው አይኖርም ነበር። ወንድም ቤት ውስጥ ተደብቆ ከዋለ እህቲቱ ትምህርት ቤት ውስጥ የምታፍርበት ምክንያት የላትም፤ ማንም አያውቅማ። የሚያፋጥጣቸው አንድ ደጅ ሲገቡ ነው።

ኮርኪ

ከ«ስፒችለስ» 27 ዓመት ቀድሞ፣ በሴፕቴምበር 1989፣ ያው ኤቢሲ «ላይፍ ጎዝ ኦን» የሚል ድራማ ጀምሮ ነበር። «ሕይወት ይቀጥላል» ማለት ነው። የታቸር ቤተሰብ በቺካጎ አቅራቢያ ይኖራል። ልጃቸው ኮርኪ ዳውን ሲንድረም አለበት። ይህ በሽታ አይደለም፤ በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ ያሉትና ክሮሞዞም የሚባሉት የዘር መረጃ ጥቅሎች ብዛት እንደ ተለመደው 46 ሳይሆን 47 ሲሆን የሚፈጠር የተፈጥሮ ሁኔታ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 መልኩን ገለጸው፤ መንስኤው ግን የታወቀው በ1959 ነው። ኮርኪ በ18 ዓመቱ ከልዩ ትምህርት ወጥቶ ታናሽ እህቱ ቤካ በምትማርበት መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባል። በር ከፋቿ ቤካ ናት።

ኮርኪን የተጫወተው ክሪስ በርክ ራሱ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ነው። በ1965 ኒውዮርክ ውስጥ ሲወለድ፣ ሐኪም ለወላጆቹ የሰጠው ምክር ወደ ማሳደጊያ ተቋም እንዲያስገቡት ነበር። እነርሱ ቤታቸው ወሰዱት፤ ሦስት ታላላቆች ነበሩት፤ ከእነርሱ ጋር አደገ። ከልጅነቱ ጀምሮ ተዋናይ መሆን ይፈልግ ነበር። እዚያው ኒውዮርክ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ የአሳንሰር ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል ቆየ፤ በ1987 በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ትንሽ ሚና አገኘ። ያ ፊልም ወደ ተከታታይ ድራማነት አላደገም። የጣቢያው ሰዎች ግን በርክን አልረሱትም፤ ደራሲው ማይክል ብሬቨርማን ለእርሱ የሚሆን ድራማ ጻፈ። በአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው በሳምንታዊ ድራማ ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ማስመሰልማ የተዋናይ ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1993 የወጣውን «ዋትስ ኢቲንግ ጊልበርት ግሬፕ» የተባለ ፊልም የተመለከተ ሰው፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የአእምሮ ውስንነት ያለበትን ታናሽ ወንድም ሆኖ ሲጫወት አይቷል። ለኦስካር የታጨበት ሥራ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን የምናወራው ስለ ዲካፕሪዮ ነው። «እንዴት አድርጎ ቻለው!» እንላለን። ዐይናችን በማስመሰሉ ጥበብ ላይ ስለ ዋለ ልጁን ራሱን ለማየት ጊዜ አጥተናል። በርክ ሲጫወት ይህ መጋረጃ የለም። ኮርኪ ፈተና ወድቆ ሲያዝን የምናየው ሐዘኑን ነው።

ወደ ጭብጨባው ልመለስ። በ«ላይፍ ጎዝ ኦን» የመጀመሪያ ሲዝን ውስጥም ስለ ክፍል ፕሬዚዳንትነት ምርጫ የሚናገር ክፍል አለ። እዚያ ግን የሚወዳደረው ኮርኪ ራሱ ነው። ፍላጎቱ የእርሱ ነው። ስለ ፈለገም ሊሳሳት፣ ሊሸነፍ፣ እህቱን ሊያስጨንቅ ይችላል። ጄጄ ግን ሳይጠይቅ ነው የታጨው። ሲልቬሪ ይህን ትዕይንት ያስገባው እንድንታዘበው ነው፤ ክፍሉ ያጨበጨበው ለወንበሩ ነው። በእኔ ግምት ሁለቱን ትዕይንቶች አከታትሎ ያየ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ተረድቷል።

በቡና ሰዓት

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ለዚህ ምዕራፍ ብዬ የፈጠርኩት ትንሽ ትዕይንት ነው።

የበዓል ማግስት ነው። ቄጠማው ገና አልደረቀም፤ ረከቦቱ ተዘርግቷል፤ ጎረቤት ለቡና ተጠርቷል። በቤቱ አንድ የ16 ዓመት ልጅና ዳውን ሲንድረም ያለባት የ19 ዓመት እህቱ አሉ። የውጭ በር ይንኳኳል። እናት ጀበናውን እንደያዘች ዝቅ ባለ ድምፅ «እህትህን ጓዳ አስገባት፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ እዚያው ተጫወቱ» ትላለች።

ካሜራውን ከእናትየው ጎን እናቁመው። የምናየው ጭንቀት ነው፤ የሰው ዐይን፣ የሰው አፍ፣ ለዓመታት ስትሰማው የኖረችው «ምን በድላ ነው» የሚል ሹክሹክታ። እናዝንላታለን። ልጅቷ ግን በዚህ ትዕይንት ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የምትነሣ ዕቃ ናት።

ወደ ልጁ እናዙረው። ከእንግዶቹ ጋር የክፍሉ ተማሪ የሆነች ልጅ እንደምትመጣ ያውቃል። እናቱ እንዲህ ስትለው ደረቱ ቀለል ይለዋል፤ እህቱን ሊደብቅ የፈለገው እርሱም ነው፤ አሁን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም። ወዲያው ቀለል ስላለው ራሱን ይጠላል። ይህ ከፊተኛው የጠለቀ ነው። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ሲደርስ ጨረስኩ ይላል፤ በእርግጥም የሚያስለቅስ ነገር ይወጣዋል። እህትየው ግን አሁንም ጓዳ ውስጥ ናት። ከእናቷ ጭንቀት ወጥታ የወንድሟ ጸጸት ማሳያ ሆነች እንጂ የራሷ የሆነ ነገር አላገኘችም።

ሦስተኛ እንሞክር። እርሷ ምን ትፈልጋለች? የእኔ መልስ ፈንዲሻውን ማዞር ነው የሚል ነው። በዚህ ቤት ሁልጊዜ ፈንዲሻ የምታዞረው እርሷ ናት፤ ሰሐኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከትልቅ ጀምራ ወደ ታናሽ። ሥራዋ ነው፤ ትኮራበታለች። ዛሬ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሹሩባ ተሠርታለች። እንግዳ መጥቶ ሰሐኑን ሌላ ሰው እንዲያዞርባት አትፈልግም።

ልብ ይበሉ፤ አንድ ፍላጎት ብቻ ብንሰጣት ትዕይንቱ ሁሉ ተገለበጠ። አሁን ልጁ የሚታገለው ከራሱ ኅሊና ጋር ብቻ አይደለም፤ ሰሐን ይዛ ከጓዳ በር ላይ ከቆመች ሰው ጋር ነው። ሊያስቆማት ይችላል፤ ልትገፋው ትችላለች። ልትለምነው፣ ልታታልለው፣ ልትቆጣው ትችላለች። በምዕራፍ 3 ግጭት ማለት ሁለት ሰው አንድ ወንበር ሲፈልግ ነው ብለን ነበር፤ እዚህ ወንበሩ የጓዳው ደፍ ነው። ልጁ አሁንም በር ከፋቻችን ነው። የከፈተልን ግን ሰው ያለበትን ቤት ነው።

በሩ ቤቱን ሲውጠው

በር ከፋቹ የሚያስከትለው አደጋ ከጥንካሬው ይመነጫል። ስለሚመስለን እንወደዋለን፤ ስለወደድነው ስለ እርሱ የበለጠ ማወቅ እንፈልጋለን፤ ጸሐፊውም ይሰጠናል። ቀስ በቀስ በሩ ይሰፋል፤ ቤቱ ይጠባል።

«ላይፍ ጎዝ ኦን» ላይ የሆነው ይህ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን የታሪኩ እምብርት ኮርኪ ነበር። ከሦስተኛው ሲዝን ጀምሮ ግን ክብደቱ ወደ ቤካና ወደ ፍቅረኛዋ ወደ ጄሲ ዞረ። ጄሲ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ወጣት ነው፤ የተጫወተው ቻድ ሎው በ1993 ለዚህ ሥራው የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። የጄሲን ታሪክ ማቃለል አልፈልግም። ሕይወት የሚያራዝመው ጥምር መድኃኒት ሥራ ላይ የዋለው በ1996 ነው፤ ከዚያ በፊት በየሳምንቱ በየቤቱ ሳሎን ቫይረሱ ያለበትን ልጅ በክብር ማሳየት ድፍረት ነበር። ሆኖም የሰው ትኩረት እንደ አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ ወደ አንዱ ሲጎተት ሌላው ይገለጣል። ኮርኪ በቤካ ታሪክ ዳርቻ የሚያልፍበት ጊዜ በዛ።

ፈጽሞ አልተረሳም፤ በአራተኛው ሲዝን አማንዳን ያገባል። አማንዳን የተጫወተችው አንድሪያ ፍሪድማንም ዳውን ሲንድረም ያለባት ተዋናይ ነበረች። ለእኔ ከ83ቱ ክፍሎች ሁሉ ደፋሩ ሐሳብ ይህ ጋብቻ ነው። ያንን ፍላጎት ለኮርኪ ያዋሰው የለም። ከቤተሰቡ ማንም አላሰበለትም፤ ሙሽራውና ሙሽሪት ራሳቸው ጠፍተው ሄደው ነው የተጋቡት።

ድምፅ ማከራየት

ጄጄ እንዴት ይናገራል? ራሱ ላይ ባደረገው ነገር ላይ ትንሽ የሌዘር መብራት አለ። ፊት ለፊቱ ፊደላትና ቃላት የተጻፉበት ሰሌዳ ይቀመጣል። መብራቱን ከቃል ወደ ቃል ያንቀሳቅሳል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ያነብለታል። ጄጄን የተጫወተው ማይካ ፋውለር ራሱም ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ እርሱ ግን በአፉ ይናገራል።

ይህ ለድራማ ጸሐፊ ትልቅ የቴክኒክ ችግር ነው። የቴሌቪዥን ንግግር እንደ ገና ጨዋታ ሩር ነው፤ ከዱላ ወደ ዱላ ይወረወራል። እዚህ ግን አንዱ ተጫዋች ሩሯን ይዞ ያሰላስላል። «ስፒችለስ» ያገኘው መፍትሔ መቆየቱን አለመደበቅ ነው። መብራቱ በሰሌዳው ላይ ሲሄድ ፊቱን እናያለን፤ ፊቱ ቃሉን ይቀድመዋል። ጥቂት ክፍሎችን ካየን በኋላ አንባቢው ሳይናገር ምን ሊል እንደሆነ መገመት እንጀምራለን።

አንባቢው ማን ይሁን የሚለው ግን ከቴክኒክ ያልፋል። በመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የሚመድብለት ሴት ረዳት ነው፤ ድምፅዋ ቀጭንና ማር የተቀባ ነው። ጄጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ሊያሾፍ፣ ሊሳደብ፣ ሴት ልጅ ሊያናግር ይፈልጋል። በዚያ ድምፅ ሲወጣ የእርሱ ቃል የእርሱ መሆኑ ይቀራል። አስተርጓሚ ይዞ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቃሉ በትክክል ተተርጉሞ እንኳ ድምፁ ሐዘኑን ካልያዘ መልእክቱ አልደረሰም። ጄጄ ዐይኑን የሚጥለው የትምህርት ቤቱን ግቢ በሚንከባከበው በኬኔት ላይ ነው። ኬኔት ድምፀ ጎርናና ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የረዳትነት ትምህርት የለውም። ጄጄ ግን መርጦታል። ከ«ስፒችለስ» ውስጥ አንድ ትዕይንት ብቻ እንድይዝ ብገደድ የምይዘው ይህን ነው። ልጁ ሲያጨበጭቡለት አልፈለገም፤ ድምፁን ሲመርጥ ግን ፈለገ።

ሬይም በዚህ ጊዜ አይጠፋም። የእርሱን ቅሬታ የምንሰማው ወንድሙ ሊያሾፍበት፣ ሊበልጠው፣ አንዳንዴም ሊጎዳው የሚችል ሰው ሆኖ ስለቆመ ነው። ሁለቱም ጥፋት ማጥፋት ይችላሉ። ወንድማማች የሚያደርጋቸው እርሱ ነው።

ወደ ምዕራፍ 8 ከማለፍዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ያችን የ19 ዓመት ልጅ ሰሐኑን እንደያዘች የጓዳው ደፍ ላይ ትተናታል። እንግዶቹ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ዕጣኑ እየጨሰ ነው፤ ወንድሟ እጁን ዘርግቶ መንገድ ይዟል። ወረቀትና ስክሪብቶ ያንሡና ትዕይንቱን ይጨርሱት። አንድ ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ግን እርሷ ትናገር።